ብርሃን በሲሊከን ኩርባ ሲያልፍ ስንቱ ይተርፋል? በላፕቶፕ አስሉት

ኦፕቲካል ቺፕ ላይ ብርሃን የሚሄድበት የሲሊከን መስመር ዌቭጋይድ ይባላል። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ 220 ናኖሜትር፣ ስፋቱ ደግሞ 500 ናኖሜትር ገደማ ነው። በውስጡ የሚያልፈው ብርሃን አየር ላይ ቢለካ የሞገድ ርዝመቱ 1.55 ማይክሮሜትር ነው። መስመሩ ከሞገዱ ያንሳል ማለት ነው፤ ስለዚህ ሃይስኩል የተማርናቸው ቀጥ ያሉ የጨረር ስዕሎች እዚህ አይሠሩም፣ ብርሃን የሚገዛባቸውን የማክስዌልን እኩልታዎች ራሳቸውን በኮምፒውተር መፍታት የግድ ነው። ለጀማሪ የምመክረው ሥራ ይህ መስመር 90 ዲግሪ ሲታጠፍ ምን ያህሉ ብርሃን ከኩርባው ማዶ እንደሚደርስ ማስላት ነው። ጥያቄው ትንሽ ቢመስልም የሙያው ወጥመዶች በሙሉ አሉበት።

ዘዴው ኤፍዲቲዲ ይባላል፤ ኬን ዪ በ1966 ያቀረበው ነው። ቦታውን በትናንሽ ሳጥኖች ይከፍላል። የኤሌክትሪክና የማግኔት መስኮቹን በግማሽ ሳጥንና በግማሽ የጊዜ እርምጃ አዛንፎ ያስቀምጥና አንዱን ከሌላው እያሰላ ወደፊት ይገፋል። አጭር የብርሃን ምት ከላካችሁ በአንድ ሩጫ ብዙ የሞገድ ርዝመቶችን ታገኛላችሁ። እየተደጋገመ ለሚሄድ የመስመሮች ረድፍ (ግሬቲንግ) አርሲደብሊውኤ የሚባለው ዘዴ ይፈጥናል፤ ክብ ለሆኑ የወርቅና የብር ቅንጣቶች ደግሞ ፋይናይት ኤለመንት የሚባለው ዘዴ ይሻላል። ለኛ ኩርባ ግን ኤፍዲቲዲ ይበቃል።

ሶፍትዌሩ ሚፕ ነው። ኤምአይቲ ውስጥ የተጀመረ፣ ነፃ፣ ኮዱ ክፍት፣ በፓይተን የሚታዘዝ። ፓይሚፕ የሚለውን ጥቅል ኮንዳ-ፎርጅ ከሚባለው የሶፍትዌር ማከማቻ ጫኑ፤ ዊንዶውስ ከሆነ መጀመሪያ ሊኑክስን ዊንዶውስ ውስጥ የሚያስኬደው ደብሊውኤስኤል ያስፈልጋችኋል። የሚሸጡት ሶፍትዌሮች ፈቃዳቸው ውድ ነው፣ ለመማር ደግሞ አያስፈልጓችሁም።

ሚፕ ውስጥ የብርሃን ፍጥነት 1 ነው። ርዝመትን በማይክሮሜትር ካሰባችሁ ድግግሞሹ 1 ለሞገድ ርዝመቱ ተካፍሎ የሚገኘው ነው፣ ለኛ 0.645 አካባቢ። ሄርዝ አታስገቡ።

በ2 ዳይሜንሽን ጀምሩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የ2 ዳይሜንሽን ሞዴል መስመሩን ቁመቱ ማለቂያ እንደሌለው ግድግዳ ነው የሚያየው፤ የሲሊከንን ኢንዴክስ (ብርሃኑን ስንት እጥፍ እንደሚያዘገይ የሚነግረውን ቁጥር) 3.48 ብላችሁ እንዳለ ከሰጣችሁት ብርሃኑ ከእውነቱ በላይ ታፍኖ ይታያል። በምትኩ የ220 ናኖሜትሩን ንጣፍ ውጤታዊ ኢንዴክስ፣ ማለትም በንጣፉ ውስጥ የሚሄደው ብርሃን በተግባር የሚያየውን፣ 2.8 አካባቢ፣ ተጠቀሙ። ይህ ቁጥር የኤሌክትሪክ መስኩ በቺፑ ገጽ ላይ ለተኛ ብርሃን ነው፤ ሚፕ ውስጥ የኤችዜድ (የማግኔት መስኩ ከቺፑ ገጽ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት) ምርጫ ማለት ነው። ዙሪያውን ላለው ሲሊካ (የመስታወት ዓይነት ነው) 1.44 ስጡ። ሳጥኑ 25 ናኖሜትር ይሁን፣ ማለትም በአንድ ማይክሮሜትር 40 ሳጥን።

ዳር ዳሩ ላይ ብርሃኑን ውጦ የሚያስቀር ንብርብር ይቀመጣል፤ ፒኤምኤል ይሉታል፣ ቤሬንጀር በ1994 ያመጣው ነው። 1 ማይክሮሜትር ውፍረት ስጡት። ዌቭጋይዱን ፒኤምኤሉ ጋ ሲደርስ አትቁረጡት፣ እስከ ጠርዝ ድረስ ዘልቆ ይግባ። ከተቆረጠ ብርሃኑ ከተቆረጠበት ጫፍ ነጥሮ ይመለስና ውጤታችሁን ያበላሻል። ምንጩ ደግሞ ከፒኤምኤሉ ውጭ ይሁን፣ ዓይነቱም የዌቭጋይዱን ሞድ፣ ማለትም ብርሃኑ ሳይለወጥ በመስመሩ የሚሄድበትን የመስክ ቅርጽ፣ አስልቶ የሚልክ ይሁን።

አሁን ሁለት ጊዜ ታስኬዳላችሁ። መጀመሪያ ቀጥ ያለውን መስመር፣ ቀጥሎ የታጠፈውን። ምንጩም የሳጥኑም መጠን አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ከኩርባው በኋላ የተለካውን ኃይል በቀጥታው መስመር ለተለካው ስታካፍሉ የሚፈለገው ቁጥር ይወጣል። ወደኋላ የነጠረውን ለማወቅ ግን ከመጀመሪያው ሩጫ የተቀመጠውን መስክ ከሁለተኛው መቀነስ አለባችሁ፤ ያለዚያ ሄያጁና ተመላሹ ይደባለቃሉ። ሌላው ነገር፣ በዚህ ስፋት ሞዴላችን ሁለት ሞድ ይይዛል። ጠቅላላውን ኃይል ብቻ ከለካችሁ ኩርባው ላይ ወደ ሁለተኛው ሞድ ያመለጠው ብርሃን እንደተረፈ ይቆጠርላችኋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሞድ ድርሻ ለይታችሁ ለኩ፣ ሚፕ ይህን ይሠራል። ሩጫው መቼ ይቁም ለሚለው ሰዓት አትቁረጡ፤ ከማዶ ያለው መስክ በጣም እስኪደክም ጠብቁ።

ውጤቱ መጣ እንበል። ስዕሉ ያምራል፣ ሁልጊዜም ያምራል፣ ስህተት ሲሆንም ጭምር። ስለዚህ አትመኑት። የተላለፈውና የነጠረው ተደምረው ከ1 ከበለጡ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ከ1 ካነሱ ቀሪው ወደ ውጭ የፈሰሰው ወይም ወደ ሁለተኛው ሞድ ያመለጠው ነው። ከዚያ ሳጥኑን በግማሽ አሳንሱና፣ በማይክሮሜትር 80 ማለት ነው፣ እንደገና አስኬዱ። ፒኤምኤሉንም አወፍሩና ድገሙ። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ የመጀመሪያው መልስ አልነበረም። የኩርባውን ራዲየስ ከ1 ወደ 5 ማይክሮሜትር ስታሳድጉ ይህ ይብሳል፤ 5 ላይ የሚጠፋው ብርሃን በጣም ትንሽ ስለሆነ ሰፊ ሳጥን ላይ የምታዩት ኪሳራ የሳጥኑ ስህተት ሊሆን ይችላል። በዚህ ሙያ ውስጥ እንደዚህ ያለ ቁጥር ሳይፈተሽ ሪፖርት ሲደረግ ማየት ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ሌላ ሰው ያንን አምኖ ቺፕ ያሠራል።

ሳጥኑን በግማሽ ማሳነስ በ2 ዳይሜንሽን ሜሞሪውን 4 እጥፍ፣ ጊዜውን 8 እጥፍ ያደርገዋል። በ3 ዳይሜንሽን 8 እና 16 ነው። ስለዚህ ወደ 3 የምትሄዱት የ2ቱ ቁጥር ከረጋ በኋላ ይሁን። ከላይም ከታችም ሲሊካ ከሆነ አግድም የሲሜትሪ ገጽ አለ (የላይኛው ግማሽ የታችኛው ነጸብራቅ ነው)፣ ሥራውን በግማሽ ይቀንሳል፤ የሲሜትሪውን ምልክት (ፕላስ ወይስ ማይነስ) ግን ተጠንቀቁ፣ ተገላቢጦሽ ከገባ የምትፈልጉት ሞድ ጭራሽ አይመጣም። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ከሆናችሁ ደግሞ ሚፕ መስኮቹን መሀል ላይ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ከዚያው መቀጠል ስለሚችል፣ ረጅም ሩጫ ከመጀመራችሁ በፊት ይህንን ኮዱ ውስጥ አስገቡት።