ጥፍር ዙሪያ ሲመረቅዝ የሚሠሩ ስህተቶች

የጥፍር ዳር ቀልቶ፣ አብጦ መጠዝጠዝ ሲጀምር እጅ ቶሎ የሚሄደው ወደ መርፌ ነው። ከስህተቶቹ ሁሉ የከፋው ይህ ነው። መግል ያልቋጠረ እብጠት ቢወጋ የሚወጣለት የለም፤ ጀርሙ ወደ ውስጥ ይዘልቃል እንጂ። ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን ችፍታዎች ከታዩ ደግሞ ነገሩ የሄርፐስ ቫይረስ ሊሆን ስለሚችል መቅደዱ ነገር ያባብሳል። መግል ከቋጠረ መፍረጡ ግድ ነው፤ ግን ጤና ጣቢያ፣ በንጹሕ መሣሪያ።

ሁለተኛው፣ ጣት የሚዘፈዘፍበትን ውሃ ቆዳ እስኪልጥ ማፍላት፣ ወይም በረኪና ጠብ ማድረግ። ሞቅ ያለ ንጹሕ ውሃ ይበቃል፦ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ 15 ደቂቃ ያህል ዘፍዝፎ በደንብ ማድረቅ።

የተረፈ የአሞክሳሲሊን (አንቲባዮቲክ ነው) እንክብል ፈልቅቆ ዱቄቱን መነስነስም አለ። ዱቄቱ ከቆዳ ሥር ያለውን መግል አይደርስበትም። ቢዋጥስ? የዚህ ሕመም ዋና አምጪ፣ ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ፣ አብዛኛውን ጊዜ አሞክሳሲሊንን የሚያፈርስ ኢንዛይም አለው።

ሐዋሳ ውስጥ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የቆየው ዓይነት ነው። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ቆሮሶና አምባዛ ዓሣ ሲገፍፍ የሚውል፣ ምግብ ቤት ሳህን የሚያጥብ፣ ልብስ የሚያጥብ ሰው እጁ አይደርቅም። ቆዳውን ከጥፍሩ ጋር የሚያጣብቀው ስስ ሽፋን ይበላና ውሃና ሳሙና ሥር ይገባል። ከ6 ሳምንት በላይ የቆየ ሕመም ላይ አንቲባዮቲክ መደራረብ ከንቱ ድካም ነው። ፈንገስ ብዙ ጊዜ ቢገኝበትም ዋናው ጠንቅ እርጥበቱ ነው፤ የፈንገስ ቅባት ብቻውን አያድነውም። ሐኪም የስቴሮይድ ቅባት ሊያዝ ይችላል፤ እጅ ካልደረቀ ግን እሱም ዋጋ የለውም። ከውስጥ የጥጥ፣ ከላይ የፕላስቲክ ጓንት ይልበሱ። ፕላስቲኩ ብቻውን ላብ ያቁራል። ዓሣ ሲገፍፉ ጓንት ያዳልጣል የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ ቢያንስ ለእጥበቱ ይዋል።

የዓሣ እሾህ ወግቶዎት ከቀናት በኋላ ጣትዎ ወይን ጠጅ መልክ ይዞ ካበጠ፣ ዓሣ እንደሚሠሩ ለሐኪሙ ይንገሩ። ሳይነግሩ መቅረት የተሳሳተ መድኃኒት ሊያሰጥ ይችላል።

ጥፍር ሲሠሩ የጥፍር ሥር ቆዳን ማስቆረጥ፣ በጥርስ መንጨትም ይቅር።

የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ፣ ትኩሳት ካለ ወይም ቀይ መስመር ወደ ክንድ ከወጣ መዘፍዘፉን ትተው በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ።