ኬሞ የሚወስድ ሰው ሲያተኩሰው የምንሠራቸው ስህተቶች

እማዬ ሁለተኛውን ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ከወሰደች በዘጠነኛው ቀን ነው። ማታ እጇን ስይዘው ጋለብኝ። «ብርድ መትቶኝ ነው፣ አታስቢ» አለችኝ። ፓራሲታሞል ሰጠኋት፣ ጋቢ ደረብኩላት፣ አላባትና እንቅልፍ ወሰዳት። እኔም እፎይ ብዬ ተኛሁ። ሲነጋ ግን መቆም አቃታት። ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀን «ማታውኑ ለምን አላመጣችኋትም?» ብሎ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፋለች። ይህን የምጽፈው ሌላ አስታማሚ እኔ የሠራሁትን እንዳይደግም ነው።

ትልቁ ስህተት ያው የኔው ነው፦ ትኩሳቱን በፓራሲታሞል አብርዶ ማደር። ኬሞ ካንሰሩን ብቻ አይደለም የሚመታው። መቅኔ ውስጥ የሚመረቱትን ነጭ የደም ሴሎችም ይመታል። ከነሱ መካከል ባክቴሪያን ቀድመው የሚጋፈጡት ኒውትሮፊል ይባላሉ። ጤነኛ አዋቂ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ1500 በላይ አለው። ከ500 ሲወርድ አደጋው ይከብዳል። በብዙዎቹ የኬሞ ዓይነቶች ቁጥሩ በጣም የሚወርደው ኬሞው ከተወሰደ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ባሉት ቀናት ነው። የእማዬ ዘጠነኛ ቀን እዚያው መሃል ነበር። አሜሪካ ውስጥ ጄራልድ ቦዴይና ባልደረቦቹ የደም ካንሰር ታማሚዎችን ተከታትለው በ1966 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ በቁጥር አሳየ፦ ኒውትሮፊል ባነሰ ቁጥር ኢንፌክሽን ይበዛል፣ አንሶ በቆየ ቁጥር ደግሞ ይብሳል።

ሌላም ነገር አለ። መግል የሚሠራው በነዚሁ ሴሎች ነው። እነሱ ከሌሉ ቁስሉ ላያመረቅዝ፣ ሳንባ ታሞም አክታ ላይኖር ይችላል። ብዙ ጊዜ ያለው ምልክት ትኩሳት ብቻ ነው። እኔ ያችን አንዷን ምልክት ነው ያጠፋሁት።

በእጅ ዳስሶ መፍረድም አይሆንም። ቴርሞሜትር ግዙ። አንድ ጊዜ 38.3 ካሳየ፣ ወይም 38 ላይ አንድ ሰዓት ከቆየ፣ መንገድ መጀመር ነው። ብብት ውስጥ ሲለካ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ስለሚነበብ 37.8 አይታችሁ አትዘናጉ፤ ደውላችሁ ጠይቁ። በፊንጢጣ ግን በፍጹም አትለኩ፤ በሳሳው ገላ ላይ የሚፈጠር ጭረት ለባክቴሪያ በር ይከፍታል። ፕሬድኒሶሎን የመሰለ ስቴሮይድ (ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት) የሚወስድ ወይም በዕድሜ የገፋ ሰው ጭራሽ ላያተኩሰው ይችላል። ካንቀጠቀጠው፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ንግግሩ ከተምታታ ቴርሞሜትሩን አትጠብቁ።

«ነገ ቀጠሮ አላት፣ ያኔ እንነግራቸዋለን» ማለት ሌላው ነው። ድሮ ሐኪሞችም የካልቸር (ደም ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አሳድጎ የመለየት ምርመራ) ውጤት ይጠብቁ ነበር። ውጤቱ ቀናት ይፈጃል፤ ታማሚው ግን ያን ያህል ጊዜ የለውም። በ1971 እ.ኤ.አ. ስቲቨን ሺምፕፍና ባልደረቦቹ ትኩሳት እንደታየ ውጤት ሳይጠበቅ ሁለት አንቲባዮቲክ መስጠት እንደሚያዋጣ አሳዩ። ዛሬ መመሪያዎቹ የመጀመሪያው መድኃኒት ሆስፒታል በደረሱ በ1 ሰዓት ውስጥ ይሰጥ ይላሉ። ስለዚህ ካርድ ለማውጣት ተሰልፋችሁ ዝም አትበሉ። በሩ ላይ «ኬሞ ላይ ናት፣ የወሰደችው በዚህ ቀን ነው፣ አተኩሷታል» በሉ። ይሉኝታ ይቅር።

ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶ ማስዋጥስ? አታድርጉት። ደም ለካልቸር መወሰድ ያለበት በተቻለ መጠን ከመድኃኒቱ በፊት ነው፤ በግምት የተዋጠ ክኒን ተሐዋሲውን ሳይገድል ምርመራውን ያበላሻል። አንዳንድ ታማሚዎች በክኒን ቤታቸው ይታከማሉ፣ እውነት ነው። ያን የሚወስነው ግን መርምሮ ያየ ሐኪም ነው።

ምግብ ላይ ደግሞ ከልክ በላይ እንጨክናለን። ፍራፍሬና ሰላጣ ከልክለን፣ ቀድሞም ምግብ ያስጠላትን እማዬን በአጥሚት ብቻ አከሳኋት። ጥናቶች ግን ጥሬ አትክልትና ፍራፍሬ መከልከል ኢንፌክሽን እንደሚቀንስ አላሳዩም። በንጹህ ውኃ በደንብ አጥባችሁ፣ የሚላጠውን ልጣችሁ ስጡ። መቅረት ያለበት ጥሬ ሥጋ፣ ያልበሰለ ክትፎና ያልፈላ ወተት ነው።

ጥየቃን መከልከል ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ሰው ለታማሚ ተስፋ ነው። ጉንፋን የያዘው በስልክ ይጠይቅ፣ የመጣው እጁን ታጥቦ ይግባ፣ መሳሳሙ ይቅር። እኛ በሩ አጠገብ የእጅ መታጠቢያ አስቀመጥን፤ ማንም አልተቀየመንም።

በአራተኛው ዙር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እማዬ ራሷ ቀሰቀሰችኝ። ቴርሞሜትሩ 38.4 ይላል። የኬሞው ቀንና የመድኃኒቶቹ ስም የተጻፈበት ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ጎረቤት መኪና አስነሳልን። ሳይነጋ መድኃኒቱ በክንዷ እየገባ ነበር።