የዓባይን ቁልቁለት በአላን ፕሮስት አነዳድ፦ ከደጀን እስከ ድልድዩ ፍሬን ሳያቃጥሉ መውረድ

ከደጀን ተነስቶ ወደ ዓባይ ድልድይ የሚሄድ መኪና በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ከነጭነቱ 10 ቶን የሚመዝን አይሱዙ ይህን ከፍታ ሲጨርስ የሚለቀው ጉልበት በሙሉ ወደ ሙቀት ቢቀየር፣ ሁለት በርሜል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ሾፌሩ የሚወስነው ይህ ሁሉ ሙቀት በየት በኩል ይውጣ የሚለውን ነው። ለፍሬን ሸራው ብቻ ከተተወ ሸራው ገና ግማሽ መንገድ ላይ ይቃጠላል። ሞተሩ ከተሸከመው ግን በጭስ ማውጫውና በራዲያተሩ በኩል ወደ አየር ይበተናል።

ፍሬንና ጎማን ቆጥቦ በመንዳት ፈረንሳዊውን የመኪና ውድድር ሾፌር አላን ፕሮስትን የሚያህል ጥቂት ነው። በ1980 (በፈረንጆቹ) በማክላረን ቡድን ፎርሙላ 1 ገባ፤ ሬኖ ሄዶ ወደ ማክላረን ተመለሰ፤ ከዚያ ፌራሪ፣ በመጨረሻም ዊልያምስ ነዳ። በ1985፣ 1986፣ 1989 እና 1993 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ከ199 ውድድሮች 51ዱን አሸነፈ። «ፕሮፌሰሩ» ያሉት በምክንያት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ፍሬኑንና ጎማውን አያስጨንቅም፤ ሌሎቹ አቃጥለው በጨረሱበት ሰዓት የእርሱ ገና ሙሉ ነበር። የዓባይ ቁልቁለትም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ከላይ የተቆጠበ ፍሬን ታች ባለው ኩርባ ላይ ይገኛል።

ሥራው የሚጀምረው ደጀን ላይ፣ መኪናው ሳይሞቅ ነው። የፍሬን ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆኑን እዩ። ፔዳሉን አጥብቃችሁ ረግጣችሁ ለአንድ ደቂቃ ያዙት፤ ቀስ እያለ ወደ ታች ከሰመጠ ወይ ዘይት ይፈሳል ወይ የፖምፓው ጎሚኒ አልቋልና በዚያ መኪና አትውረዱ። የፊት ዲስክ ሸራ ውፍረቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ካነሰ ይቀየር። በአየር የሚሠራ ፍሬን ያለው ከባድ መኪና ከሆነ አየሩን ሞልታችሁ ሞተሩን አጥፉና ፍሬኑን ረግጣችሁ ያዙ፤ ጠቋሚው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከ0.2 ባር በላይ ከወረደ አየር የሚያመልጥበት ቦታ አለ። ረዳቱ በዚህ ጊዜ ጎማ ይንፋ፣ ከኋላ በጥንዶቹ ጎማዎች መካከል የተቀረቀረ ድንጋይ ካለም ያውጣ። የጎማ አየር የሚለካው በብርዱ ነው። ታች በረሃው ውስጥ ግሎ ያበጠን ጎማ ማስተንፈስ ስህተት ነው፤ ሲቀዘቅዝ አየሩ ያንስና በሚቀጥለው ጉዞ ይበልጥ ይግላል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው የዘይቱ ዕድሜ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ዘይቱ ጥቁር ባይሆንም፣ መጠኑ ባይጎድልም፣ በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየር። ዓባይን በየሳምንቱ ለሚመላለስ መኪና በየዓመቱ ቢሆን ይመረጣል።

ማርሹን ቁልቁለቱ ሳይጀምር አስገቡ። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚለው የድሮ ሾፌሮች ምክር ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የዛሬ ሞተሮች ጉልበታም ስለሆኑ ዳገቱን በከፍተኛ ማርሽ ይወጡታል። ስለዚህ ከወጣችሁበት አንድ ዝቅ አድርጉ። ትክክለኛው ማርሽ መሆኑ የሚታወቀው እግር ከነዳጅም ከፍሬንም ላይ ተነስቶ መኪናው ፍጥነቱን ሊይዝ ሲቃረብ ነው። የሞተሩ ዙር ከፍ ማለቱ አያስፈራ፤ ቀዩ መስመር ጋ እስካልደረሰ ድረስ ሞተሩ የሚይዘው ዙሩ ሲበዛ ነው። በጭስ ማውጫው ላይ የሚሠራ የሞተር ፍሬን ያላቸው መኪኖች ከመጀመሪያው ኩርባ በፊት ያብሩት። ፍጥነት ከተሰበሰበ በኋላ ማርሽ ለመቀነስ መሞከር ትልቁ አደጋ ነው። አሮጌው ማርሽ ወጥቶ አዲሱ አልገባም ይላል፤ መኪናው በዜሮ ይቀራል።

ፍሬን አረጋገጡም ሌላ ነው። እግርን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ፣ ነካ ነካ እያደረጉ መውረድ ጥንቃቄ ይመስላል፤ ሸራው ግን ለአንድ ደቂቃ እንኳ ከታምቡሩ ተላቆ ነፋስ አያገኝም። ይልቅ ለራሳችሁ አንድ ፍጥነት ምረጡ፤ ለተጫነ አይሱዙ 40 እንበል። 40 ሲደርስ ጠበቅ አድርጋችሁ ለሦስት ሰከንድ ያህል ርገጡ፣ ወደ 30 ሲወርድ ሙሉ በሙሉ ልቀቁ። እንደገና 40 እስኪደርስ እግራችሁ ፔዳሉን አይንካ። መኪናው በየጥቂት ሰከንዱ 40 የሚደርስ ከሆነ ማርሹ ትልቅ ነው። 30 ላይ እያላችሁ አንድ ቀንሱ። ከ60 መቆም ከ40 ከመቆም በእጥፍ የሚበልጥ ሙቀት እንደሚያመጣም አትርሱ። ወደ ኩርባ ስትገቡ ፍሬኑ በቀጥታው ላይ አልቆ መሪው ሲዞር እግሩ የተነሳ ይሁን።

ነዳጅ ለመቆጠብ በዜሮ ማርሽ መልቀቅ የብዙ ሰው ሕይወት የበላ ልማድ ነው። ትርፉ ደግሞ የለም። በዘመናዊ ሞተር ላይ ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ ሲነሳ ሞተሩ ነዳጅ መርጨቱን ጨርሶ ያቆማል፤ በዜሮ ግን እንዳይጠፋ ሲል ይጠጣል። ፕሮስትም የነዳጅን ጉዳይ በከባዱ ያውቀው ነበር። በ1986 ለአንድ ውድድር የተፈቀደው 195 ሊትር ብቻ ነበርና ጀርመን ሆከንሃይም ላይ በመጨረሻው ዙር አልቆበት መኪናውን ሲገፋ ታይቷል። በዚያው ዓመት ማብቂያ አውስትራሊያ አደላይድ ላይ ጠቋሚው ነዳጁ አይበቃም እያለው ለስልሶ ነድቶ አሸነፈ፤ በነጥብ ይመራ የነበረው የናይጄል ማንሴል ጎማ በዚያው ውድድር ፈንድቶ ስለነበር ዋንጫውንም ወሰደ።

መኪናው ራሱ ይናገራል፣ መስማት ነው። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከመጣ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነውና ሰፊ ቦታ ስታገኙ ቁሙ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለት ምልክቶች አትቀላቅሉ። ፔዳሉ ላልቶ ወደ ታች ከሰመጠ ዘይቱ ፈልቶ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ሆኗል፤ ቶሎ ቶሎ ደጋግሞ መርገጥ ጥቂት ፍሬን ሊመልስ ይችላል። ፔዳሉ ጠንክሮ መኪናው አልዘገይ ካለ ግን ሸራው ከመጋሉ ብዛት መያዝ አቅቶታል፤ ደጋግሞ መርገጥ ይበልጥ ያግለዋል። በአየር ፍሬን ደግሞ ታምቡሩ ግሎ ስለሚሰፋ ሸራው ሊደርስበት ረጅም መንገድ ይሄዳል። በየትኛውም ሁኔታ ሞተሩን አታጥፉ፤ የመሪና የፍሬን አጋዡ አብሮ ይጠፋል። የገባውን ማርሽ አታውጡ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ሳቡ፣ ሌላ ካልቀረ መኪናውን ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው ጎን አስጠጉና አሻሹት።

ለማቀዝቀዝ ስትቆሙ ጎማውን በታኮ ያዙ፣ ማርሽ አስገቡ፤ የጋለ ፍሬን ላይ የእጅ ፍሬን ጨምቆ መተው ታምቡሩን ሊያጣምም ይችላል። ውሃ አታፍሱበት፣ ይሰነጠቃል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ስጡት።

በክረምት ጠዋት ደጀን አፋፍ ላይ ጉም ሲተኛ አትውረዱ። በ1982 ሆከንሃይም ላይ በዝናብ ልምምድ የፌራሪው ሾፌር የዲዲየ ፒሮኒ መኪና የፕሮስትን መኪና ሳታይ ከኋላ ወጥታበት ነበር፤ ፒሮኒ ከዚያ በኋላ በፎርሙላ 1 አልተወዳደረም። ፕሮስት በ1989 አደላይድ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ከአንድ ዙር በኋላ ውድድሩን ትቶ ወጣ፤ ብዙ ተወቀሰበት፣ ውሳኔው ግን ትክክል ነበር። ጉም እስኪገለጥ መጠበቅ የሾፌር ሙያ ነው።

ድልድዩን ተሻግራችሁ አመቺ ቦታ ስትቆሙ ሥራችሁን መርምሩ። የእጃችሁን ጀርባ ሳታስነኩ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጉና የአንዱን አክሰል ግራና ቀኝ አወዳድሩ። ሁለቱም እኩል ሞቅ ካሉ ፍሬኑ በትክክል ተካፍሏል። አንዱ እጅ የማያስጠጋ ከሆነ ሸራው አልለቅ ብሎ እየጎተተ ነው። ጭራሽ የቀዘቀዘ ካለ ደግሞ ያ ጎማ ከደጀን ጀምሮ ፍሬን አልያዘም፤ የጎሃ ጽዮንን ዳገት ከመጀመራችሁ በፊት ቱቦውንና ውስጡን አስፈትሹ።