ድርብ ክንፍ በድሬ ሰማይ፦ ሞዴል አውሮፕላን የሚያስበሉ ስህተቶች

ከሳጥን ወጥቶ የሚገጣጠም ባለ ድርብ ክንፍ ሞዴል አውሮፕላን ሲያዩት ያማልላል። ሁለት ክንፍ፣ በመካከላቸው የተወጠረ ሽቦ፣ ክፍት የአብራሪ መቀመጫ። በርሮ ኢትዮጵያ የገባው የመጀመሪያው አውሮፕላንም ፖቴዝ 25 የሚባል ድርብ ክንፍ ነበር፤ ነሐሴ 1921 ዓ.ም. ከጅቡቲ መጥቶ አዲስ አበባ አረፈ። ስለዚህ ሰው በሪሞት የሚበር ነገር መሥራት ሲያምረው ዓይኑ መጀመሪያ እዚህ ላይ ቢያርፍ አይገርምም። ችግሩ ከኪቱ (ከሚገጣጠመው ዕቃ ሳጥን) ጋር የሚመጣው መመሪያ የተጻፈው ለቀዝቃዛ አገር፣ ለዝቅተኛ ቦታና ሣር ለለበሰ ሜዳ መሆኑ ነው። ድሬን አያውቃትም። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ግማሾቹ ከዚህ ይመጣሉ፣ ግማሾቹ ደግሞ ከድርብ ክንፍ የራሱ ጠባይ።

በሶፕዊዝ ካሜል መጀመር

ካሜል ስሙ ለእኛ አገር የሚስማማ ይመስላል፤ ግመል ነው። ግን አቦ ተዉት። እውነተኛው ካሜል በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብዙ ተለማማጅ አብራሪ የገደለ አውሮፕላን ነው። ሞዴሉም አፍንጫው አጭር ስለሆነ ሚዛኑን ማስተካከል ራስ ምታት ነው፣ መሬት ላይም ዞር ማለት ይወዳል። ድርብ ክንፍ ካላችሁ አይቀር ታይገር ሞዝን የመሰለ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ሞዴል ውሰዱ። ከዚያም በፊት ግን በአንድ ክንፍ፣ ርካሽ በሆነ የፎም አውሮፕላን እጃችሁን ፍቱ። ወራት የፈጀ ሥራ ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ መብረር ድፍረት አይደለም።

ሁሉም ነገር ከሳጥኑ ውስጥ አለ ብሎ ማሰብ

የለም። ኪት ማለት ብዙ ጊዜ እንጨቱና ፕላኑ ነው። ሞተር፣ ሰርቮ (መሪዎቹን የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ሞተር)፣ ሪሲቨር (የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበል)፣ ባትሪ፣ ቻርጀር፣ መሸፈኛ ፊልም፣ ማጣበቂያ ለብቻ ይገዛል። ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ሲገኝ የሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪውን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እንዳያስገባ ንገሩት፤ ትርፍ ባትሪ በእጅ ቦርሳ ብቻ ነው የሚጓዘው። ቀለምና የሞተር ነዳጅ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ሱፐር ግሉና ኤፖክሲ እዚሁ ይገኛል፣ ታይዋን ገበያ ዞር ዞር በሉ። የተሰበረ የኮምፖርሳቶ ክፍልም እዚሁ ማስቆረጥ ይቻላል። ባልሳውን፣ ማለትም የኪቱን በጣም ቀላል እንጨት፣ ግን በሌላ እንጨት አትተኩት፤ ክብደቱ ይገድላችኋል።

እና ፈቃድ። ጉምሩክ ላይ ሪሞት ያለው የሚበር ነገር ሁሉ ድሮን ነው። ዕቃው ከመምጣቱ በፊት ኢንሳን (የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርን) እና ሲቪል አቪዬሽንን ጠይቁ። ዕቃው ከተያዘ በኋላ «መጫወቻ ነው» ብሎ መከራከር አያዋጣም።

ክንፎቹን በዓይን ማስተካከል

ሰው ሁሉ ቸኩሎ የሚያልፈው እዚህ ጋ ነው። አውሮፕላንም በብዛት የሚበላው እዚህ ጋ ነው።

ባለ አንድ ክንፍ ሞዴል ላይ ክንፉ ትንሽ ቢንጋደድ ሪሞቱ ላይ ባለው ማስተካከያ ታቃኑታላችሁ። ድርብ ክንፍ ላይ ግን ሁለቱ ክንፎች እርስ በርሳቸው ሊጣሉ ይችላሉ። ቁም ነገሩ እያንዳንዱ ክንፍ ከአካሉ አንጻር የፊት ጠርዙን ምን ያህል ቀና አድርጎ እንደተገጠመ ነው። ላይኛው ከታችኛው ጋር ሊኖረው የሚገባው ልዩነት ፕላኑ ላይ ተጽፏል፣ ብዙ ጊዜም በጣም ትንሽ ነው። አንድ ዲግሪ ስታችሁ ከገጠማችሁት አውሮፕላኑ ጋዝ በሰጣችሁት ቁጥር አፍንጫውን ያነሳል ወይም ይደፋል። የግራው ጎን ከቀኙ ከተለየ ደግሞ ወደ አንድ ወገን ይንከባለላል፤ ይሄ በተለይ ፍጥነቱ ሲቀንስ፣ ማለትም ልታሳርፉት ስትሉ ይብሳል።

ስለዚህ አካሉን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስሩት፣ በውሃ ልክ አስተካክሉት። የስልክ ዲጂታል ውሃ ልክ ይበቃል፤ ቀጥ ያለ እንጨት ከፊት ጠርዙ እስከ ኋላ ጠርዙ ደግፋችሁ ስልኩን እሱ ላይ አስቀምጡና አንግሉን አንብቡ። ላይኛው ግራ፣ ላይኛው ቀኝ፣ ታችኛው ግራ፣ ታችኛው ቀኝ። ጻፉት። ከዚያ ከጅራቱ መጨረሻ እስከ እያንዳንዱ የክንፍ ጫፍ በሲባጎ ለኩ፤ ግራና ቀኝ እኩል ካልሆነ ክንፉ ዞሯል። ይሄ ሁሉ ሳያልቅ ላይኛውን ክንፍ የሚሸከሙትን የመሐል ቋሚዎች በኤፖክሲ እንዳታጣብቁ፣ ምክንያቱም አንዴ ከደረቀ በኋላ ያለው አማራጭ መጋዝ ነው።

የሽቦው ነገርም አለ። ሽቦው ለማሳመር ብቻ ከሆነ ላስቲክ ክር ተጠቀሙ፣ ማንንም አይጎዳም። የእውነት ጭነት የሚሸከም ከሆነ ግን አንዱን ወገን እንደ ክራር አውታር ወጥራችሁ ሌላውን አላልታችሁ ከተዋችሁት፣ በሲባጎ ያስተካከላችሁት ክንፍ ተመልሶ ይጣመማል። ሽቦ ከተወጠረ በኋላ አንግሉን እንደገና ለኩ።

ለውበት ሲባል ማክበድ

የአብራሪ አሻንጉሊት፣ የውሸት ሞተር፣ ሦስት እጅ ቀለም። ያምራል። ግን ሒሳቡን ተመልከቱ፦ እውነተኛው ታይገር ሞዝ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 8.94 ሜትር ነው፣ ሙሉ ጭኖ ሲነሳ ክብደቱም 828 ኪሎ። አንድ ስድስተኛ ስታደርጉት ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። የክንፉ ስፋት ግን በ36 ይካፈላል፣ ክብደቱ በ216። እና 3.8 ኪሎ ይደርሳል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ከእውነተኛው አውሮፕላን በልጣችሁ አክብዳችሁታል። ሁለት ኪሎ ተኩል ላይ ብታቆሙት እጅግ ደስ ብሎት ይበራል። በተለይ ጅራቱ ላይ ቀለም አታብዙ። አፍንጫው አጭር፣ ጅራቱ ረጅም ስለሆነ እዚያ የጨመራችሁት 10 ግራም ፊት ላይ ሁለት ሦስት እጥፍ ማመጣጠኛ ይጠይቃል።

የሚዛን ነጥቡን መገመት

«ከክንፉ ፊት አንድ ሦስተኛ ላይ» የሚለው የሁሉም ሰው ሕግ እዚህ አይሠራም። አብዛኛው ድርብ ክንፍ ላይኛው ወደ ፊት ቀደም ብሎ ስለሚገጠም ሚዛኑ የሚወጣው ከሁለቱ ክንፎች ተደምሮ ነው። ፕላኑ ላይ ያለውን ነጥብ ያዙ። በሁለት ጣት ከታች አንስቶ መሞከሩም ያስቸግራል፣ ስለዚህ ከላይኛው ክንፍ መሐል በክር አንጠልጥሉት። ባትሪው ገብቶ፣ ሁሉም ብሎን ታስሮ።

አፍንጫው ትንሽ ደፋ ካለ ይበራል፣ ብቻ ሰነፍ ይሆናል። ጅራቱ ከከበደ ግን አንዴ ይነሳል፣ ከዚያ እናንተ አታበሩትም። ክብደት ሲያስፈልግ መጀመሪያ ባትሪውን ወደ ፊት ግፉ። ካልበቃ ጎሚስታ ቤት ሄዳችሁ የጎማ ባላንስ እርሳስ ለምኑ። በነፃ ይሰጧችኋል፣ በኋላም ምን እየሠራችሁ እንደሆነ መጥተው ያያሉ።

ሙቀቱን መናቅ

መሸፈኛ ፊልሙን በካውያ ስታጠብቁ የክንፉን ላይኛው ፊት ብቻ ጨርሳችሁ ወደ ታችኛው አትሂዱ። ፊልሙ ሲኮማተር ቀጭኑን እንጨት ይዞት ይጣመማል። ትንሽ ከላይ፣ ትንሽ ከታች እያፈራረቃችሁ ሥሩ። ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ቆንጆ ነው፣ ግን ግንቦት ላይ ድሬ ፀሐይ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አስቀምጡትና እዩት፤ ይጨማደዳል፣ መገጣጠሚያውም ይለቃል። ነጭ፣ ብርማ፣ ቢጫ ይሻላል።

ባትሪው ከፊልሙ ይብሳል። ሊፖ 60 ዲግሪ አካባቢ አደገኛ ይሆናል። ፀሐይ ላይ የቆመ የተዘጋ መኪና ደግሞ እዚያ ለመድረስ ብዙ አይቸገርም። በርጫው እስኪያልቅ ባትሪውን መኪና ውስጥ የሚተው ሰው መኪናውንም ይሰናበት። ቤት ስታስቀምጡት ሙሉ ሞልታችሁ አይደለም፣ በሴል 3.8 ቮልት አካባቢ ላይ ነው፤ ሙሉ የሚባለው 4.2 ነው። መብራት ይጠፋል ብላችሁ ማታ ቻርጅ ላይ ሰክታችሁም እንዳትተኙ።

አየሩ ያው አየር ነው ማለት

አይደለም። የድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ 1,160 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። 35 ዲግሪ ሙቀት ስትጨምሩበት አየሩ መመሪያው ከሚያስበው፣ ማለትም ከባሕር ወለልና ከ15 ዲግሪ አየር፣ በ19 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ትርጉሙ ክንፉ ለመሸከም አሥር በመቶ ያህል ተጨማሪ ፍጥነት ይፈልጋል። ሲነሳም ሲያርፍም። ፕሮፔለሩም የሚይዘው አየር ስለሳሳበት ግፊቱ ይቀንሳል፤ በዲያሜትር ወይም በፒች (በአንድ ዙር ወደ ፊት በሚሄድበት ርቀት) አንድ ኢንች ከፍ ያለ ሞክሩ፣ ግን የሞተሩን አምፔር እየለካችሁ።

ሐረር ቀዝቀዝ ስለሚል ይሻላል የሚል ሰው አይጠፋም። ቅዝቃዜው ይረዳል፣ ከፍታው ግን 1,900 ሜትር ገደማ ስለሆነ የረዳውን መልሶ ይወስደዋል። ሒሳቡ ሲሠራ በ22 ዲግሪ የሐረር አየር ከድሬ የ35 ዲግሪ አየር እንዲያውም ትንሽ የሳሳ ነው። ድሬ ላይ ያስተካከላችሁትን አውሮፕላን ሐረር ወስዳችሁ የመጀመሪያውን ዙር በዝግታ አትብረሩ።

ሰዓቱ ራሱ ሌላ ነገር ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ያለው የእናንተ ነው። ረፋዱ ላይ መሬቱ ሲግል አየሩ መናጥ ይጀምራል፣ ከሰዓት በኋላ አቧራውን እያሽከረከረ የሚያነሳው ነፋስ ይመጣል። ሁለት ክንፍ ያለው ቀላል ነገር ለዚያ ነፋስ ገለባ ነው።

ከተማ ውስጥ ማብረር

አውሮፕላን ማረፊያው ከተማው አጠገብ ነው፣ አየር ኃይልም አለበት። ቀልድ የለም። የደጫቱ ወንዝ ደርቆ ሲታይ ሰፊ የአሸዋ መንደርደሪያ ይመስላል፣ ግን ግራና ቀኙ ሰው ነው፣ ልጆች ይሮጡበታል። ክረምት ላይ ደግሞ ድሬ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ በዘነበው ዝናብ ይሞላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ጎርፍ በሌሊት የመጣ ነው። ፈቃድ ያገኛችሁበት ሜዳ ላይ ራቅ ብላችሁ ሂዱ። የአካባቢውን ሽማግሌ ሰላም በሉ፣ ከብትና ግመል የሚጠብቁትን ልጆች ከኋላችሁ አስቀምጧቸው። ከፊት ለፊት ማንም አይቁም፤ ፕሮፔለር ጣት ይቆርጣል። ግራር የበዛበት ቦታ ካላችሁ ሌላ ፈልጉ፣ እሾሁ ፊልሙን ወንፊት ያደርገዋል።

አይለሮኑን ሳያዩ መነሳት

ከአውሮፕላኑ ኋላ ቁሙ። የሪሞቱን ዱላ ወደ ቀኝ፤ የቀኙ አይለሮን (የክንፉ ኋላ ጠርዝ ላይ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ወደ ላይ መውጣት አለበት። ተገልብጦ የተሰካ ሰርቮ ከተነሳችሁ በኋላ ለማሰቢያ ጊዜ አይሰጥም። ሪሞቱ ሲጠፋ ሞተሩ መቆሙንም ፕሮፔለሩን አውልቃችሁ ሞክሩ።

በአይለሮን ብቻ መዞር

ታይገር ሞዝ አይለሮን ያለው ታችኛው ክንፍ ላይ ብቻ ነው። ወደ ታች የወረደው አይለሮን አየሩን ስለሚይዝ አፍንጫውን መዞር ከፈለጋችሁበት በተቃራኒ ይጎትተዋል። ስለዚህ ራደር (አፍንጫውን ግራና ቀኝ የሚያዞረውን የጅራት መሪ) አብራችሁ ስጡ። አይለሮኑም ወደ ላይ ብዙ፣ ወደ ታች ትንሽ እንዲሄድ ሪሞቱ ላይ አስተካክሉት። ስትነሱም ጋዙን በአንዴ አትልቀቁት፤ ቀስ እያላችሁ፣ ወደ ግራ መሳብ ሲጀምር በቀኝ ራደር እየመለሳችሁ፣ ጅራቱ ቶሎ እንዳይነሳ ኢሌቬተሩን (አፍንጫውን የሚያነሳና የሚደፋውን የጅራት መሪ) ትንሽ ወደ ኋላ ይዛችሁ።

ልታሳርፉ ስትሉ ጋዙን መዝጋት

በፎም አውሮፕላን የለመደ ሰው ጋዝ ዘግቶ ተንሳፍፎ ይወርድልኛል ብሎ ይጠብቃል። ድርብ ክንፍ አይንሳፈፍም። ሁለቱ ክንፎች፣ ቋሚዎቹ፣ ሽቦው፣ ጎማዎቹ ሁሉም አየር ይይዛሉ፤ ጋዙን ስትዘጉት ፍሬን የረገጣችሁ ያህል ይቆማል። ከዚያ ስቶል ነው፤ ክንፉ መሸከም ያቆማል። ጎማው መሬት ሊነካ እስኪል ትንሽ ጋዝ ይዛችሁ ውረዱ። ሞተር በአየር ላይ ከቆመ ወዲያው አፍንጫውን ድፉና ፊት ለፊት አሳርፉት፤ ወደ መነሻችሁ ለመመለስ አትዙሩ።

ከወደቀ በኋላ መቸኮል

መጀመሪያ ባትሪውን ንቀሉ። የተነፋ ወይም የተደፈጠጠ ሊፖ ወደ ቤት አይገባም፣ ወደ መኪናም አይገባም፤ አሸዋ ያለበት ቦታ ለብቻው አስቀምጡና ርቃችሁ ጠብቁ። የተሰበረውን እንጨት በሙሉ ልቀሙ፣ ትንሿም ስብርባሪ ለቅርፅ መለኪያ ትሆናለች። ታችኛው ክንፍ ብቻ ተጎዳ ብላችሁም ላይኛውን አትመኑት፤ ቋሚዎቹ ግጭቱን ወደ ላይ ያስተላልፋሉ። ጥገናው ሲያልቅ ሲባጎውና ውሃ ልኩ ይውጡ፣ አራቱም አንግል እንደገና ይለካ።