ፕላስቲክ ወይስ ስቴንለስ? የውሃ ፊልተር ከመግዛታችሁ በፊት የ10 ዓመቱን ወጪ አስሉ

አዳማ ውስጥ ፋብሪካ ያላቸውም ሆኑ ጥገና ላይ የሚሠሩ ሰዎች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያነሱልኛል። የፕላስቲኩ ፊልተር ርካሽ ነው፣ የስቴንለሱ (በቀላሉ የማይዝገው ብረት) አምስት እጥፍ ይሆናል፣ ለምን እከፍላለሁ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ችግሩ ፕሮፎርማ ላይ የሚጻፈው ዋጋ የመጀመሪያውን ቀን ወጪ ብቻ ማሳየቱ ነው። ፊልተሩ ከዚያ በኋላ በየወሩ ብር ይበላል።

መጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ። አንደኛው ቤቱ ነው፣ ማለትም ሃውዚንግ የምንለው የውጭው ዕቃ። ሁለተኛው ውስጡ የሚገባው ካርትሪጅ ነው፣ ቆሻሻውን የሚይዘውና እየቆየ የሚቀየረው። ብዙ ሰው "የብረት ፊልተር" ሲል ቤቱን ማለቱ ነው፤ ውስጡ ያለው ካርትሪጅ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ያው ፕላስቲክ ነው። ይህን ሳይለዩ ዋጋ ማወዳደር ትርፉ ድካም ነው።

ወደ ሒሳቡ እንግባ። የማስቀምጠው ዋጋ ለምሳሌ ብቻ ነው፣ እናንተ የራሳችሁን ፕሮፎርማ አስገቡበት። በሰዓት 10 ሜትር ኩብ ውሃ የሚፈልግ ሥራ አለ እንበል። በፕላስቲክ ከሆነ ሦስት ትልልቅ ባለ 20 ኢንች ሰማያዊ ሃውዚንግ ጎን ለጎን ይገጠማል። እያንዳንዱ 8,000 ብር ቢሆን 24,000 ነው። በስቴንለስ ከሆነ ሰባት ካርትሪጅ የሚይዝ አንድ ቤት በ120,000 ብር ይገዛል።

ፕላስቲኩ በየሦስት ዓመቱ የሚቀየር ከሆነ በ10 ዓመት አራት ጊዜ ትገዛላችሁ፣ 96,000 ብር። ውሃ እንዳያፈስ ለሚገባው ጎሚኒ በዓመት 1,000 ጨምሩ፣ 106,000 ይሆናል። ስቴንለሱ አንዴ 120,000፣ ለጋስኬት (ለክዳኑ ማሸጊያ) በዓመት 1,500፣ በድምሩ 135,000።

አሁን ካርትሪጁን ጨምሩበት። በዓመት 24 ጊዜ ይቀየር። ለፕላስቲኩ ሦስት ካርትሪጅ በ1,200 ብር፣ በዓመት 86,400። ለስቴንለሱ ሰባት ቀጫጭን ካርትሪጅ በ500 ብር፣ በዓመት 84,000። በ10 ዓመት 864,000 እና 840,000 ማለት ነው። ሁሉንም ስትደምሩት ፕላስቲኩ 970,000፣ ስቴንለሱ 975,000 ሆነ። ያ ሁሉ የተጨነቅንበት አምስት እጥፍ ልዩነት የት ገባ? ካርትሪጁ ዋጠው።

ፕላስቲኩ ጥላ ውስጥ ተቀምጦ፣ ግፊቱ ዝቅ ብሎ፣ ስድስት ዓመት ቢቆይላችሁ ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ትገዛላችሁ፤ በ53,000 ብር ፕላስቲኩ ያተርፋል። በሌላ በኩል ፕላስቲኩ አንድ ሌሊት ቢፈነዳና ሥራ ስምንት ሰዓት ቢቆም፣ የአንድ ሰዓት ኪሳራችሁ ደግሞ 6,000 ብር ቢሆን፣ 48,000 ብር በአንድ ሌሊት ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ውሳኔው የሚወሰነው በሁለት ነገር ነው፦ ቤቱ እናንተ ጋ ስንት ዓመት ይቆያል፣ ሥራ ሲቆም ምን ያህል ትከስራላችሁ።

ቤቱ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ለመገመት ከመብራት መቆራረጥ ጀምሩ። ይህንን በራሴ አይቼዋለሁ። እሠራበት በነበረ አንድ ፋብሪካ ፓምፑ እየሠራ መብራት ሄደ። ቱቦው ውስጥ የነበረው ውሃ ወደ ኋላ ሲመለስ የመስመሩ ቫልቭ በኃይል ተዘጋ፣ ቱቦው ጓ አለ፣ የፕላስቲኩ ሃውዚንግ አንገቱ ላይ ተሰነጠቀ። ጥበቃው ደውሎልኝ ስደርስ ወለሉ ሐይቅ ሆኗል፣ የአንዱ ሞተር ግማሽ ውሃ ውስጥ ነው። አጠገቡ ሰው ስላልነበረ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ፕላስቲክ በአንድ ጊዜ ትልቅ ግፊት ብቻ አይደለም የሚሞተው። መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር የሚያርፍበት ትንንሽ ምት ተጠራቅሞ ያደክመዋል፣ ከውጭ ምንም ሳይታይ። ስለዚህ መብራት በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋባችሁ ቁጠሩ። ለስላሳ ማስነሻ (ሶፍት ስታርተር፣ ሞተሩን ቀስ አድርጎ የሚያስነሳው ዕቃ) ገጥመናል ብላችሁ አትዘናጉ፤ እሱ ፓምፑ ሲነሳ ይረዳል እንጂ መብራት በድንገት ሲቋረጥ ምንም አያደርግም። ፓምፑ አጠገብ ባለ ስፕሪንግ ቼክ ቫልቭ (ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋ) እና ትንሽ የግፊት ታንክ ነው የሚያስፈልገው። የእነዚህንም ዋጋ ፕላስቲኩ ላይ ደምሩ።

የቤቱን ዕድሜ የሚያሳጥረው ሁለተኛው ነገር ሙቀት ነው። ብዙዎቹ ትልልቅ ሰማያዊ ሃውዚንጎች ላይ የግፊቱ 100 ፒኤስአይ፣ ማለትም ወደ 7 ባር፣ የሙቀቱ ደግሞ 38 ዲግሪ የሚል ወሰን ተጽፎ ታያላችሁ። እዚህ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን። ሶደሬ ፍል ውሃው ቅርባችን ነው። ጥልቅ ጉድጓድ ካላችሁ ውሃው ሞቆ ሊወጣ ስለሚችል ቴርሞሜትር አስገቡና ለኩት። ፀሐይ የሚመታው የጣሪያ ሮቶም ውሃውን ያሞቀዋል። ፀሐዩ ራሱም ፕላስቲኩን ያደርቀዋል፣ ያሰባብረዋል። ቆርቆሮ ጥላ ሥሩለት። በጣም ርካሹ ማሻሻያ ይሄ ነው።

ስቴንለስም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። ቀለም የተቀባ ተራ ብረት "ብረት ነው" ተብሎ ከተሸጠላችሁ ቀለሙ በተፋቀበት ቦታ ይዝጋል። ስቴንለስ ሲባልም ዓይነቱ በቁጥር ይለያል፣ 304 አለ፣ 316 አለ። 316 ውስጥ ሞሊብዲነም የሚባል ብረት አለበት፣ ጨዋማ ውሃን በተሻለ ይቋቋማል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ማግኔት አስጠግቶ አለመያዙን ማየት ብቻ አይበቃም፣ 201 የሚባለው ርካሹም አይይዝም። የውሃችሁ የላብራቶሪ ውጤት ላይ ክሎራይዱን (ጨው ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር) እዩ፣ በሊትር ከ200 ሚሊግራም በላይ ከሆነ 304 አትግዙ። ሌላው ጠላት እኛው ነን። በረኪና ሞልቶ ማሳደር፣ ወይም የድንጋይ ቅርፊት ለማስለቀቅ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ማፍሰስ ስቴንለሱን ጉድጓድ ጉድጓድ አድርጎ ይበላዋል። በሲትሪክ አሲድ እጠቡ፣ በረኪና ከተጠቀማችሁ ቶሎ አለቅልቁት። ውሃችሁ በጣም ጨዋማ ከሆነ፣ ወይም የምታጣሩት አሲድ ነክ ነገር ከሆነ፣ ፕላስቲኩ ያለ ክርክር ይሻላል።

አሁን ትልቁ ገንዘብ ወዳለበት ቦታ እንመለስ፣ ካርትሪጁ። ከፊልተሩ በፊትና በኋላ የግፊት ጌጅ (መለኪያ) ግጠሙ። ሁለት ጌጅ ብቻ ነው፣ ግን ያለ እሱ የምትሠሩት ሒሳብ ግምት ነው። የሁለቱን ንባብ ልዩነት በየፈረቃው ደብተር ላይ አስጽፉ። ካርትሪጁን በቀን ቆጠራ ሳይሆን ልዩነቱ ወደ 1 ባር ገደማ ሲጨምር ቀይሩ። የ1 ባር ልዩነት መብራትም ይበላል፦ በሰዓት 10 ሜትር ኩብ፣ ፓምፑና ሞተሩ በጋራ 50 በመቶ ብቃት ቢኖራቸው፣ በቀን 8 ሰዓት በዓመት 300 ቀን ሲሠራ ወደ 1,330 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በታሪፋችሁ አባዙት።

ደብተሩን በበጋም በክረምትም ያዙ። አዋሽ ወንዝ ክረምት ሲገባ እንዴት እንደሚደፈርስ የምታውቁት ነው፤ በበጋ ሳምንታት የሚቆይ ካርትሪጅ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቀናት ብቻ ሊቆይ ይችላል። የአንዱን ወር ብቻ ወስዶ ለዓመት ማባዛት ሒሳቡን ያበላሻል።

ስቴንለሱ በእኔ እምነት የሚያሸንፈው እዚህ ጋ ነው። ትልቅ ቤት ገዝታችሁ የካርትሪጁን ቁጥር ብትጨምሩ፣ በእያንዳንዱ የሚያልፈው ውሃ ይቀንሳል። ያው ውሃ በእጥፍ ካርትሪጅ ሲያልፍ ዕድሜው ከእጥፍ በላይ ሊረዝም ይችላል። አንድ ክዳን ከፍቶ ሁሉንም መቀየርም ሦስትና አራት ቤት ከመፍታት ይቀላል። ከፊት ለፊት ደግሞ የሚታጠብ የስቴንለስ ወንፊት ወይም የአሸዋ ፊልተር አስቀድሙ፣ ደለሉን እሱ ይያዘው። ወንፊቱ ደቃቁን አያስቀርም፣ ካርትሪጁን ግን ያሳርፋል። 20,000 ብር ትርፍ ካላችሁ የፊልተሩን ቤት ከማስዋብ በፊት እዚህ ላይ አውሉት።

ብድር ከሆነ ወለዱን ጨምሩ። በምሳሌያችን የዋጋው ልዩነት 96,000 ብር ነው፣ በ16 በመቶ ብትበደሩት በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 15,360 ብር ነው። በሌላ ጎኑ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ እንዴት እንደዘለለ አይተናል። አራት ጊዜ የምትገዙት ዕቃ አራት ጊዜ በአዲስ ዋጋ ነው። በመጨረሻም ስቴንለሱ ሲያረጅ በኪሎ ይሸጣል፣ ለተሰነጠቀ ፕላስቲክ ግን ቁራሌውም ብዙ አይሰጣችሁም።

ስለ አገጣጠም ትንሽ ልበል። የፕላስቲኩን ቤት በቁልፍ አታጥብቁ፣ በእጅ ይበቃል። ከመጠን በላይ ማጥበቅም ይሰነጥቀዋል። ጎሚኒው ላይ ቫዝሊን አትቀቡ፣ አንዳንዱን ያሳብጠዋል፤ የሲሊኮን ቅባት ተጠቀሙ። ከመክፈታችሁ በፊት ግፊቱን አስለቅቁ፣ ሁለቱንም ዓይነት። ደግሞም እነዚህ ደለል የሚይዙ ካርትሪጆች ፍሎራይድ አያወጡም። የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ከሆነና ሠራተኛ የሚጠጣው ከሆነ አስመርምሩት፤ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው።

ፕሮፎርማ ስትሰበስቡ ከዋጋው ጎን እነዚህን አስጽፉ፦ የብረቱ ዓይነት 304 ነው ወይስ 316፣ የሚችለው ግፊትና ሙቀት፣ የጎሚኒው ዓይነት፣ የካርትሪጁ ርዝመትና ጫፉ (ቤቱ ውስጥ የሚገጥምበት ቅርጽ)። የመጨረሻዋ ትንሽ ትመስላለች። ግን ካርትሪጁ የአንድ አምራች ብቻ ከሆነ 10 ዓመት ሙሉ እሱ ባለው ዋጋ ትገዛላችሁ። ብር ከመክፈላችሁ በፊት ናሙናውን ይዛችሁ ሱቅ ለሱቅ ዙሩ። ቢያንስ ሦስት ቦታ ካልተገኘ ያንን ቤት ተዉት።