በኬፕ ሉክአውት የአሸዋ ደሴት ጎጆዎች ውስጥ እንዴት እንደሚቆዩ

በሰሜን ካሮላይና ጠረፍ፣ ከቦፈርት እስከ ኦክራኮክ ድረስ፣ ወደ 90 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የአሸዋ ደሴቶች ሰንሰለት ከዋናው ምድር ፊት ለፊት እንደ መቀነት ተዘርግቷል። በአንድ ወገን አትላንቲክ ውቅያኖስ፣ በሌላው ወገን ኮር ሳውንድ የሚባለው ጥልቀት የሌለው ወሽመጥ ያዋስኑታል። የአሜሪካ መንግሥት ይህን ሥፍራ በ1966 (ዓመቶቹ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ኬፕ ሉክአውት ብሔራዊ የባሕር ዳርቻ ብሎ ከልሎታል። ወደ ደሴቶቹ የሚያሻግር ድልድይ የለም፤ የኤሌክትሪክ መስመር አልተዘረጋም፤ የጎደለዎትን ሮጥ ብለው የሚሸምቱበት ገበያም አያገኙም። በደቡቡ ደሴት፣ በሳውዝ ኮር ባንክስ ላይ፣ ግሬት አይላንድ የሚባል ካምፕ አለ፤ በውስጡም ከእንጨት የተሠሩ ቀለል ያሉ ጎጆዎች ይከራያሉ። ከዋሽንግተን አካባቢ ተነሥተን ሰባት ሰዓት ያህል እየነዳን ከቤተሰቤ ጋር አራት ጊዜ ሄደናል። ከዚህ በታች ያለው ምክር በአብዛኛው የመጀመሪያው ጉዞ ያስተማረን ነው።

ጎጆና ጀልባ ማስያዝ

ጎጆው የሚያዘው በፌዴራል መንግሥቱ የፓርኮች ማስያዣ ድረ ገጽ ነው። መኪና የሚያሻግረው ጀልባ ግን ፈቃድ ባላቸው የግል ድርጅቶች የሚንቀሳቀስ ስለ ሆነ ለብቻው መያዝ አለበት፤ ወደ ግሬት አይላንድ የሚሄደው የሚነሣው ዴቪስ ከምትባለው አነስተኛ መንደር ነው። ጀልባዋ በአንድ ጊዜ የምትጭነው ጥቂት መኪናዎችን ብቻ ነውና ጎጆውን በያዙበት ቀን ለጀልባውም ይደውሉ። በመጸው ወራት (ከመስከረም እስከ ኅዳር) ዓሣ አጥማጆች ቀድመው ይይዙታል፤ የሐምሌ ሙቀትና ትንኝ ደግሞ አይመከርም። ለእኔ ከሁሉም የሚሻለው የግንቦት መጀመሪያ ነው።

ከመነሣትዎ በፊት ካምፑ ክፍት መሆኑን፣ ባሕር ዳር ለመንዳት የሚያስፈልግ ፈቃድ ካለም መስፈርቱን ከፓርኩ ያረጋግጡ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም። በሴፕቴምበር 2019 ዶሪያን የተባለው አውሎ ነፋስ ወሽመጡን ሞልቶ ውኃውን ከኋላ ወደ ውቅያኖሱ ሲለቀው፣ የሰሜኑን ደሴት በ54 ቦታ ቆራርጦታል፤ እዚያ የነበረው ሎንግ ፖይንት የተባለው የጎጆ ካምፕም ክፉኛ ተጎድቷል። አደጋ ከውቅያኖሱ በኩል ብቻ ይመጣል ብሎ የሚያስብ ሰው የእነዚህን ደሴቶች ጠባይ አላወቀም። አሸዋው ራሱ ተጓዥ ነው፤ አምና ያለፉበትን መንገድ ዘንድሮ ውኃ ተኝቶበት ሊያገኙት ይችላሉ።

ምን አለ፣ ምን የለም

በጎጆው ውስጥ ተደራራቢ አልጋ ከነፍራሹ፣ የጋዝ ምድጃ፣ በጋዝ የሚሞቅ ውኃ፣ መታጠቢያና መጸዳጃ ይኖራል። አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ ማንኪያ፣ ሳህን፣ ሳሙና፣ ፎጣና የመጸዳጃ ወረቀት የእርስዎ ድርሻ ነው። ማቀዝቀዣ የለም። ከጎጆዎቹ አንዳንዶቹ የራስዎን ጀነሬተር የሚሰኩበት መስመር አላቸው፤ እኔ ግን ጀነሬተር ይዞ መሄድን አልወደውም። የባሕሩን ድምፅ ልስማ ብሎ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣ ሰው ሌሊቱን ሞተር ሲያጓራ ማደር የለበትም፤ ለጎረቤትም አይበጅም። በግንባር የሚታሰር ባትሪ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ፣ እንዲሁም አንድ የጠረጴዛ ፋኖስ ከበቂ በላይ ነው። የሚጠጣ ውኃ በነፍስ ወከፍ ለአንድ ቀን አራት ሊትር አስበው በጀሪካን ይያዙ፤ ነፋስ ጀልባዋን ሊያስቀራት ስለሚችል የአንድ ቀን ትርፍ ውኃና ምግብ ይጨምሩ።

ስለ ምግብ፣ ያለ ማቀዝቀዣ ለመኖር የሐበሻ ጓዳ እንደሚመች የገባኝ እዚያ ነው። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣና ድርቆሽ በረዶ አይፈልጉም። እንጀራ ግን አያታልልዎት፤ የባሕሩ አየር እርጥበት ስላለው ቤት ውስጥ ሦስት አራት ቀን የሚቆየው እንጀራ በሁለተኛው ቀን ሻገተብን። ለመጀመሪያው ምሽት የሚበቃውን ብቻ ይዞ ከዚያ ወደ ድርቆሽ ፍርፍር መዞር ይሻላል። ሥጋ የሚይዙ ከሆነ ቤትዎ በደንብ አጠንክረው ያቀዝቅዙትና ከማቀዝቀዣ ሳጥኑ ውስጥ ከታች ያድርጉት። ከተሰባበረ በረዶ ይልቅ በትልቁ የተጋገረ በረዶ ቀስ ብሎ ይቀልጣል፤ ስለዚህ ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት የውኃ ፕላስቲኮችን ሞልቶ ማጋገር ከሁሉም ርካሹ መላ ነው፤ ሲቀልጥም ይጠጣል። የመጠጥ ሳጥንና የምግብ ሳጥን ይለያዩ፤ ልጆች መጠጡን በየአምስት ደቂቃው ሲከፍቱት የሥጋው በረዶ አብሮ ያልቃል። ነዳጅና የቀረ ዕቃ ሞርሄድ ሲቲ ወይም ቦፈርት ላይ ይሙሉ።

አሸዋ ላይ መንዳት

ዋናው ጉዳይ ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢጎድል ሆድ ይጎዳል ወይም እንቅልፍ ይነሣል እንጂ ጉዞውን አያበላሽም።

ደሴቱ ላይ አስፋልት የሚባል ነገር የለም። ከጀልባዋ እንደ ወረዱ መኪናዎ አሸዋ ነው የሚረግጠው። አራቱም ጎማ የሚነዳ፣ ከመሬት ከፍ ያለ መኪና ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ መኪናው ብቻውን አለመብቃቱ ነው። አስፋልት ላይ 35 ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ ነው) የተነፋ ጎማ ጠባብና ድርቅ ያለ ስለ ሆነ አሸዋውን እየቆረጠ ይገባል። ወደ 20 ፒኤስአይ ሲወርድ ግን ጎማው ይረግባል፤ መሬቱን የሚነካው ክፍልም ስለሚረዝም የመኪናው ክብደት በሰፊ ቦታ ላይ ይከፋፈላል። በአፋር አሸዋ ላይ ግመል እንደ ልቧ የምትሄደው ኮቴዋ ሰፊና ልስልስ ስለ ሆነ ነው፤ አህያ እዚያው ትዳክራለች። የጎማውን አየር የምንቀንሰው አህያዋን ግመል ለማድረግ ነው።

እኔ ይህን አንብቤ ሳላምንበት ሄድኩ። በመጀመሪያው ጉዟችን ጀልባዋ አመሻሽ ላይ ስታወርደን ሌሎቹ ሾፌሮች ጎማቸው ሥር ተንበርክከው ያስተነፍሳሉ። ባለቤቴ «አንተስ?» አለችኝ። «ፎር ዊል ነው፤ ምን ይሆናል? ደግሞ ማን መልሶ ይነፋዋል?» ብዬ አለፍኳቸው። በአሸዋ ጉብታው ላይ ወደ ባሕሩ የሚያወጣው መተላለፊያ ጋ ስንደርስ መኪናው ዘገመ፤ እኔም ነዳጅ ረገጥኩ፤ ጎማው ባለበት ዞረ። ያን ጊዜ እግሬን ማንሣት ነበረብኝ። ይልቁንም ደግሜ፣ ሠልሼ ረገጥኩት፤ በእያንዳንዱ ረገጣ ጎማው ጉድጓዱን ለራሱ ሲቆፍር በመጨረሻ የመኪናው ሆድ አሸዋው ላይ ተቀመጠ። አካፋ አልያዝንም። ታናሽ ወንድሜ በድስት ክዳን ይቆፍራል፤ ያወጣው አሸዋ እንደ ጤፍ እየፈሰሰ ይመለሳል። አንድ ሰዓት ያህል ከለፋን በኋላ ዓሣ ሲያጠምዱ የዋሉ አንድ ሽማግሌ ከኋላ መጥተው ቆሙ፤ ብዙም አልተናገሩ፤ ኪሳቸው ውስጥ የነበረውን መለኪያ አውጥተው አራቱንም ጎማ አስተነፈሱና ቀስ ብዬ ወደ ኋላ እንድመልስ በእጃቸው አሳዩኝ። መኪናው በገባበት ዱካ ያለ ምንም ግፊያ ወጣ። ወንድሜ የድስቱን ክዳን እንደ ያዘ ነበር።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ከጀልባዋ እንደ ወረዱ፣ አንድም ሜትር ሳይርቁ፣ ከሌሎች መንገድ ዘወር ብለው ይቁሙና የአራቱንም ጎማ አየር ወደ 20 ያውርዱ። መኪናው በጣም ከተጫነ ወይም አሸዋው ደርቆ ከላላ ከዚያም ትንሽ ዝቅ ማለት ይቻላል፤ ከ15 በታች ግን አይውረዱ፤ በጠባብ መታጠፊያ ላይ ጎማው ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል። መለኪያውን ጥሩ አድርገው ይግዙ። ብዙዎች ገንዘባቸውን በሚያብረቀርቁ የማውጫ ሰሌዳዎችና በመጎተቻ ሞተር ላይ ሲያፈሱ አያለሁ፤ እኔ ግን በባለ ሰዓት የጎማ መለኪያ፣ በአንድ እውነተኛ አካፋ፣ በመጎተቻ ገመድና ክሪኩ እንዳይሰምጥ ከሥሩ በሚነጠፍ ጠፍጣፋ ጣውላ አምናለሁ።

ከዚያ ፎር ዊሉን አስገብተው፣ ሌሎች ባለፉበት ዱካ ተከትለው፣ ሳይቸኩሉም ሳይቆሙም አንድ ወጥ በሆነ ፍጥነት ይንዱ። መሪ በድንገት አይጠምዝዙ። ሲቆሙ ፍሬን አጥብቀው አይርገጡ፤ ጎማው ከፊቱ አሸዋ ይከምርና ሲነሡ ያ ክምር እንደ ደረጃ ይሆንብዎታል። ጎማው ባለበት መዞር ከጀመረ ወዲያው እግርዎን ያንሡ፤ በመጡበት ዱካ ወደ ኋላ ይመለሱ፤ ካልሆነ ወርደው ከጎማዎቹ ፊትና ከመኪናው ሆድ ሥር አሸዋውን ይጥረጉ፤ አየሩንም ጥቂት ይቀንሱ።

የባሕሩ ውኃ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሲጎድል የሚገለጠው እርጥብ አሸዋ ጠንካራ ስለ ሆነ ለመንዳት ይመቻል፤ ሲሞላ ግን በውኃውና በጉብታው መካከል መተላለፊያ ላይቀር ይችላል። የውኃውን ሰዓት የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ከቤት ሳይወጡ በወረቀት ያትሙ፤ ስልክ እዚያ በቅጡ አይሠራም። በሙላት ሰዓት ከጉብታው ጀርባ ያለውን የውስጥ መንገድ ይጠቀሙ። በደቡቡ ጫፍ ያለውን በ1859 የተሠራ ጥቁርና ነጭ የአልማዝ ቅርጽ የተቀባ መብራት ቤት ለማየት የሚሄዱም መመለሻቸውን በዚሁ ያስሉ።

ጎጆው ውስጥ

ዕቃ ያውርዱ፣ አልጋ ያንጥፉ፣ ይረፉ። ምግብ ውጭ አያሳድሩ፤ ራኩን የሚባለው እንስሳ የሳጥን ክዳን መክፈት ያውቅበታል።

ለሐበሻ ቤተሰብ ግን አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። ቡና ያለ ከሰል ቡና አይደለም የሚል ሰው በመካከላችን አይጠፋም፤ ውጭ ነፋሱ አሸዋ ሲረጭበት ማንደጃውን ይዞ ወደ ጎጆው ይገባል። የከሰል ጋዝ በየክረምቱ አገር ቤት ስንቱን እንደ ቀጠፈ እናውቃለን፤ ጠባቧና በነፋስ ምክንያት መስኮቷ የተዘጋ ጎጆ ከዚያች የክረምት ክፍል አትለይም። ጀበናው በጋዝ ምድጃው ላይ በደንብ ይፈላል። ከሰሉ ከቤት ውጭ፣ ከነፋስ መከለያ ጀርባ፣ ዕጣኑም ከዚያው። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ (ይኸው የከሰል ጋዝ) ማስጠንቀቂያ ይዞ መሄድም ከባድ ወጪ አይደለም።

ነፋሱ ከውቅያኖሱ ሲነፍስ ትንኝ አይታይም፤ ከወሽመጡ በኩል ሲዞር ግን ትንኙም ተናካሽ ዝንቡም ከረግረጉ ተጭኖ ይመጣል። የዚያን ቀን ዕቅድዎን ወደ ውቅያኖሱ ዳር ያዙሩት። በአሜሪካ የበጋ ወራት (ከግንቦት እስከ ነሐሴ) የባሕር ኤሊዎች ሌሊት ወጥተው አሸዋው ውስጥ እንቁላል ስለሚጥሉ ነጭ መብራት ወደ ባሕሩ አያብሩ፤ የሚፈለፈሉት ጫጩቶች ብርሃን ተከትለው መንገድ ይስታሉ። በምልክት የታጠረ ቦታ ካዩ ዙረው ይለፉ። ነፍስ አድን ዋናተኛ በባሕሩ ዳር የለምና ልጆች ከጉልበት በላይ አይግቡ፤ ወደ ውስጥ የሚስበው ሞገድ ጎልማሳም ይወስዳል። ለሕፃናት ወሽመጡ ይሻላል።

መውጣት

ቆሻሻ መጣያ ስለሌለ ያመጡትን ሁሉ በጠንካራ ፌስታል አስረው ይዘው ይመለሳሉ። ጎጆውን ይጥረጉ፤ ከጀልባዋ ሰዓት አንድ ሰዓት ቀድመው ማረፊያው ላይ ይገኙ።

ዴቪስ እንደ ተሻገሩ፣ ወደ ዋናው መንገድ ሳይወጡ፣ ጎማዎቹን ወደ 35 ይመልሱ። የረገበ ጎማ በአውራ ጎዳና ፍጥነት ሲሽከረከር ይግልና ሊፈነዳ ይችላል። በመኪናው ባትሪ የሚሠራ ትንሽ መንፊያ ለአራቱ ጎማ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ የሲጋራ መለኮሻው ላይ ከሚሰካው ይልቅ በቀጥታ ባትሪው ላይ የሚቆነጠጠውን ይምረጡ። የመጀመሪያውን ዓይነት ገዝቼ ሁለተኛው ጎማ ላይ ፊውዙን አቃጥሎብኝ በሁለት የተነፋና በሁለት የረገበ ጎማ እስከ ቅርቡ ነዳጅ ማደያ እንደ ሽባ አዝግሜያለሁ። እዚያው ማደያ የመኪናውን ሆድ በብዙ ውኃ ያሳጥቡ፤ ጨዉ ውሎ ካደረ ብረት ይበላል።