ከአርታኢ ጋር ያልተስማማ የኮሚክ ሰዓሊ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኮሚክ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕል የሚነገር ታሪክ፣ የሚሥሉ ልጆች ሥራቸውን ሲያሳዩኝ ደስ ይለኛል። እጃቸው ጎበዝ ነው። ጣጣው የሚመጣው ከአርታኢ ጋር ሲቀመጡ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ያ «እሺ» ነው። አርታኢው ፊት አንገት ደፍቶ «እሺ ጋሼ»፣ ከበር ሲወጡ ማጉረምረም። አንድ ልጅ የመንዝ እረኛ ታሪክ ይሥል ነበር። እረኛውን ባና አልብሶታል። የቤቱን ግድግዳ በድንጋይ ክቦ ጣሪያውን በጓሳ ሣር ከድኗል። ከኋላ ደግሞ ደረቱ ቀይ የሆነ ጭላዳ አስቀምጧል። መንዝን ረግጦ የማያውቅ አርታኢ «ቤቱን የጭቃ አድርገው፣ ባናውንም በነጠላ ቀይርልኝ» አለው። ልጁ ያደገው መሐል ሜዳ ነው። ያ ብርድ በነጠላ እንደማይቻል ያውቃል። ግን ይሉኝታ ያዘውና «እሺ» አለ። መጽሐፉ ታተመ። የመንዝ ሰው አየውና «ይሄ ደግሞ የማን አገር ነው?» አለ። የተወቀሰው ማን ይመስላችኋል? ሽፋኑ ላይ ስሙ ያለው ሰዓሊ! እባካችሁ፣ የምታውቁትን ተናገሩ። «ጋሼ፣ እዚያ በነጠላ አይዋልም፤ ፎቶ ላሳይዎት» ማለት ድፍረት አይደለም። ብዙ አርታኢ ፎቶውን ሲያይ ሐሳቡን ይቀይራል።

ገጹን በእርሳስ ሳያሳዩ በቀለም ጨርሶ መምጣትም አለ። በእርሳስ ቢሆን በላጲስ የሚያልቀው ነገር፣ በቀለም ሲሆን እንደ አዲስ መሣል ይሆናል። ያኔ ሁለታችሁም እልህ ትጋባላችሁ።

ለንግግሩ ቦታ ሳትተዉ አትሣሉ። የአማርኛ ፊደል ከደቀቀ አይነበብም። በኋላ «ጽሑፉ የጀግናዬን ፊት ሸፈነው» ብሎ አርታኢውን መክሰስ አይሆንም።

አርታኢዎችም ጥፋት አለባችሁ። የሰዓሊን ሥራ በሌላ እጅ ማስጠገን በደል ነው። ካፒቴን አሜሪካ የተባለውን የኮሚክ ጀግና ከጆ ሳይመን ጋር የፈጠረው አሜሪካዊው ሰዓሊ ጃክ ኪርቢ እ.ኤ.አ. በ1970 ማርቭል የተባለውን የኮሚክ አሳታሚ ትቶ ተፎካካሪው ዲሲ ገባ። እዚያ የሣለውን የሱፐርማን ፊት ሌሎች ሰዓሊዎች እንደገና እንዲሥሉት ተደረገ። ገላው የኪርቢ፣ ፊቱ የሌላ ሰው። ሱፐርማን በሁሉም መጽሔት አንድ ዓይነት መልክ እንዲኖረው መፈለጋቸው ይገባኛል። ግን ራሱ እንዲያስተካክለው ዕድል ሊሰጡት ይገባ ነበር። ያን ያህል የሠራ ሰው ያንን ማየት አልነበረበትም። እናንተ «ልጁ እዚህ ላይ የፈራ አይመስልም» ብላችሁ ችግሩን ንገሩት፤ ፍርሃቱን እንዴት እንደሚሥለው ግን ለእሱ ተዉለት።

ሰዓሊዎች ደግሞ የሥዕላችሁን ኦሪጅናል ስካን ሳታደርጉ ለማንም አትስጡ።

እርማት ስንት ጊዜ ድረስ በነጻ እንደሚሠራ፣ ከዚያ በላይ ስንት እንደሚከፈል፣ ሥራው ሳይጀመር በወረቀት ይፈረም። በቃል የተባለ ነገር እርማቱ ሲበዛ ይረሳል፤ መሃል ላይ ስለ ገንዘብ ማንሳት ደግሞ ለሁለቱም ወገን ይከብዳል።